ርቀቱ ያው፣ ሰዓቱ ሌላ፦ የረጅም ጉዞ የበረራ ጊዜ ለምን ይለዋወጣል?

ከሄልሲንኪ እስከ ቶኪዮ በአየር 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ አንድ አውሮፕላን ይህን ጉዞ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ይጨርሰው ነበር። በዚያው ዓመት ከማርች ወር ጀምሮ ግን በዚያው መስመር የሚሄድ መንገደኛ 13 ሰዓት ያህል መቀመጥ ግድ ሆነበት። የሁለቱ ከተሞች ርቀት አልጨመረም፣ የአውሮፕላኑም ፍጥነት አልቀነሰም። በመካከላቸው ያለው የሩሲያ የአየር ክልል ነው የተዘጋው።

ከዚያ ወዲህ "ከዚህ ከተማ እዚያ ከተማ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። አንዱ ድረ ገጽ 9 ሰዓት ሲል ሌላው 12 ይላል፤ ትኬቱ ላይ ያለው ከሁለቱም ይለያል፤ የመልሱ ጉዞ ደግሞ ከመሄጃው ይረዝማል ወይም ያጥራል። ቁጥሮቹ የሚጋጩ ቢመስሉም አብዛኞቹ ስሕተት የለባቸውም። እያንዳንዳቸው የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው።

ርቀቱ የሚለካው በየት በኩል ነው?

ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ጠፍጣፋ ካርታ ሁለት ከተሞችን በማስመሪያ ማገናኘት አጭሩን መንገድ አያሳይም። ምድር ሉል ስለሆነች በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ "ታላቅ ክበብ" በሚባለው መስመር ላይ ነው የሚገኘው። ታላቅ ክበብ ማለት ሉሏን በእምብርቷ በኩል አልፎ ለሁለት እኩል ቦታ የሚከፍላት ቁርጥ በገጿ ላይ የሚተወው መስመር ነው። ሉል ላይ ክር ወጥሮ ሁለቱን ከተሞች ማገናኘት ይህንኑ መስመር ያሳያል።

ቤይጂንግና ኒውዮርክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሁለቱም በሰሜን ንፍቀ ክበብ 40 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ስለሚገኙ፣ ካርታ ላይ ፓስፊክን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ መሄድ ይመስላል መንገዱ። 40 ዲግሪን ሳይለቁ ቢሄዱ ግን ርቀቱ 14,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በታላቁ ክበብ ከተሄደ 11 ሺሕ አይሞላም። ልዩነቱ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዋጋው ደግሞ አጭሩ መንገድ በሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ከ80 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ፣ በሳይቤሪያ ሰማይ ማለፉ ነው። ይህን ነጥብ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ሒሳቡን ራሱ መሥራት ለሚፈልግ አካሄዱ አጭር ነው። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይንና የኬንትሮሶቹን ልዩነት ኮሳይን ሦስቱን አባዝተው ውጤቱን በፊተኛው ላይ ይደምሩ። ኮሳይኑ ይህን ድምር የሚሆነው ማዕዘን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የምድር ማዕዘን ነው፤ በዲግሪ ወስደው በ111.2 ቢያባዙት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ያገኛሉ። የቤይጂንግ አየር ማረፊያ 40.1፣ የኒውዮርኩ 40.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሲሆኑ የኬንትሮሳቸው ልዩነት 169.6 ነው። ማዕዘኑ 98.7 ዲግሪ ይወጣል፤ ርቀቱ 10,980 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ድረ ገጾች የተለያየ ቁጥር የሚሰጡባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹ ጥቃቅን ናቸው። አንዳንዱ ከመሐል ከተማ፣ አንዳንዱ ከአየር ማረፊያ ይለካል። አንዳንዱ ምድርን ፍጹም ሉል አድርጎ ይወስዳታል፤ ሌላው በዋልታዎቿ በኩል በጥቂቱ ጠፍጠፍ ማለቷን ያስገባል፤ በዚህ የሚመጣው ልዩነት እስከ ግማሽ በመቶ ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው የመለኪያው ስም ነው። አንድ ተራ ማይል 1,609 ሜትር ሲሆን በአቪዬሽን የሚሠራበት የባሕር ማይል ግን 1,852 ሜትር ነው። 3,000 የባሕር ማይልን እንደ ተራ ማይል አንብቦ ወደ ኪሎ ሜትር የለወጠ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ያጎድላል።

ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ለምን አይበቃም?

ኤርባስ ኤ350 ወይም ቦይንግ 787 በከፍታ ላይ ሲደላደል በማክ 0.85 አካባቢ ይበራል። ማክ የአውሮፕላን ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ቁጥር ነው። ረጅም በረራ በሚካሄድበት ከፍታ የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ድምፅ ራሱ በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ስለዚህ 0.85 ማለት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚህ ፍጥነት ከለንደን ኒውዮርክ ያለው 5,550 ኪሎ ሜትር በስድስት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። ትኬቱ ላይ ግን ስምንት ሰዓት ገደማ ተጽፎ ይገኛል። የልዩነቱ አንዱ ክፍል ያለው መሬት ላይ ነው።

በትኬት ላይ የሚሰፍረው ጊዜ "ብሎክ ታይም" ይባላል። የሚጀምረው ከጎማው ሥር ያለው ታኮ ተነሥቶ አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ሲንቀሳቀስ ነው፤ የሚያበቃው በመድረሻው ማቆሚያ ታኮ ሲገባለት ነው። አንዱን በረራ ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጎታች መኪና አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ገፍቶ ሞተሮቹ እስኪነሡ ስምንት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። እስከ መንደርደሪያው ማኮብኮብና ተራ መጠበቅ በተጨናነቀ አየር ማረፊያ ሌላ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ የሚነሣው አውሮፕላን ወደ መድረሻው ፊቱን ከማዞሩ በፊት ለመንደርደሪያው የተወሰነውን መውጫ ይከተላል፤ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለመውጣት በሚፈጅበት 25 ደቂቃ ያህል ጊዜም ከሙሉ ፍጥነቱ በታች ነው። ቁልቁል መውረድ የሚጀምረው ከመድረሻው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። መጨረሻ ላይ ወረፋ ካለ አየር ላይ እየዞረ ይጠብቃል፤ ካረፈ በኋላም ማቆሚያ እስኪያገኝ ያኮበኩባል። ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጨምራል።

የምድር መሽከርከር አይደለም፣ ነፋስ ነው

ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ወደ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን "መድረሻው ወደ እሱ ስለሚመጣለት" ቶሎ ይደርሳል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው፤ በመካከለኛ ኬክሮሶች ቶሎ የሚደርሰው ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነው። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር አውሮፕላኑ ከሥሩ የምትሸሽ ምድር የለችውም። ልዩነቱን የሚያመጣው ጄት ስትሪም ነው፦ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ወንዝ። ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ የብርድ ወራት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ አንዳንዴ ከ300 ያልፋል። የምድር መሽከርከር በነገሩ ውስጥ የሚገባው ይህን ነፋስ ወደ ምሥራቅ በማጠፍ ነው። ጃፓናዊው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ዋሳቡሮ ኦይሺ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ይህን ነፋስ ለክቶ ነበር፤ ውጤቱን ያሳተመው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለሆነ ግን ለረጅም ጊዜ አንባቢ አጣ።

ነፋስ በመሄጃው ያሳጠረውን በመልሱ ስለሚመልስ ይካካሳል የሚለው ግምትም ትክክል አይደለም። በ5,550 ኪሎ ሜትሩ ላይ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንውሰድ። ከኋላ ሲገፋ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር በሰዓት 1,050 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በአምስት ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይደርሳል። ከፊት ሲመጣ ወደ 750 ይወርዳል፤ ሰባት ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው። ነፋስ ባይኖር 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር። አውሮፕላኑ ነፋሱን እየተጋፈጠ የሚቆይበት ጊዜ በነፋሱ ከሚገፋበት ጊዜ ስለሚረዝም ኪሳራው ሁልጊዜ ይበልጣል። በብሪታንያ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፖል ዊሊያምስ በ2016 ያወጡት ጥናትም በዚሁ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢያድግ ጄት ስትሪሙ ስለሚጠነክር የአትላንቲክ ደርሶ መልስ በአማካይ በአንድ ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይረዝማል። ለአንድ መንገደኛ ምንም አይደለም፤ በየቀኑ በሚያቋርጡት በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ሲባዛ ግን ብዙ ነዳጅ ነው።

በፌብሩዋሪ 2020 በአንድ ከባድ ማዕበል ወቅት ከኒውዮርክ የተነሣ ቦይንግ 747 በአራት ሰዓት ከ56 ደቂቃ ለንደን ገባ። ከመሬት አንጻር በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዙ "ድምፅን ቀደመ" ተብሎ ተወራ። አልቀደመም። የድምፅ ፍጥነት የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው፤ አየሩ ራሱ እየሮጠ ተሸክሞት ነው የሄደው።

የበረራ ዕቅድ አውጪዎች ይህን ነፋስ በየቀኑ ያድኑታል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ትይዩ የበረራ መስመሮች በየዕለቱ በትንበያው መሠረት እንደ አዲስ ይዘረጋሉ፤ ቀን ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት ከነፋሱ የሚሸሹ፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱት ነፋሱን የሚይዙ። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ በታላቁ ክበብ 15,350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላኑ ግን ብዙ ጊዜ በፓስፊክ በኩል ዞሮ ከ16 ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኋላ የሚገፋው ነፋስ ተጨማሪውን መንገድ ስለሚክሰው የረዘመው መንገድ አጭር ሰዓት ይሆናል።

ሰማይ ሲዘጋ

እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ ይህ በ1944 በቺካጎ በተፈረመው ስምምነት የጸና ነው። በፌብሩዋሪ 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ የአውሮፓ ኅብረት ሰማዩን ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘጋ፤ ሩሲያም በአጸፋው ለ36 አገሮች አየር መንገዶች ዘጋች። ከአውሮፓ ወደ ጃፓንና ኮሪያ የሚሄዱት ወይ በሰሜን በዋልታው፣ ወይ በደቡብ በመካከለኛው እስያ መዞር ግዴታቸው ሆነ። ለሄልሲንኪ ይህ አዲስ አይደለም። በ1983 የፊንላንዱ አየር መንገድ የሶቪየትን ሰማይ ለመሸሽ በዲሲ-10 አውሮፕላን በሰሜን ዋልታ በኩል ያለማቋረጥ ወደ ቶኪዮ መብረር ሲጀምር የፈጀበትም 13 ሰዓት ገደማ ነበር።

በኤፕሪል 2025 ደግሞ ሕንድና ፓኪስታን ሰማያቸውን አንዳቸው ለሌላው አውሮፕላኖች ዘጉ። ከደልሂ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይሄዱ ከነበሩ ያለማቋረጥ በረራዎች አንዳንዶቹ ነዳጅ ለመሙላት አውሮፓ ውስጥ እንዲያርፉ ተገደዱ። በጁን 2025 የእስራኤልና የኢራን ግጭት ሲነሣ የኢራን፣ የኢራቅና የዮርዳኖስ ሰማይ ባንዴ ባዶ ሆነ።

መዞር ሰዓት ብቻ አይደለም የሚጨምረው። ሰፊ አካል ያለው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት ከ5 እስከ 8 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲጨመር በ6 ቶን ሒሳብ 21 ቶን ነው። ያ ነዳጅ ራሱ ክብደት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቶን ተሸክሞት ለመብረር ብቻ በየሰዓቱ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ያስቃጥላል። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ገደብ አለው፤ ነዳጅ ከበዛ ጭነት ወይም ሰው ይቀነሳል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚቆጠር 10 ቶን ማለት የ100 ሰው ቦታ ነው። ፊት ለፊቱ ኃይለኛ ነፋስ በሚጠብቀው ረጅም በረራ ላይ ባዶ ወንበሮች እያሉ ትኬት አልቋል የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ነው። አብራሪዎችም የሥራ ሰዓት ገደብ ስላላቸው በሁለት ወይም በሦስት አብራሪ ይሠራ የነበረ በረራ አራት ሊጠይቅ ይችላል።

የቻይና አየር መንገዶች ግን የሩሲያን ሰማይ ዛሬም ይጠቀማሉ። የቤይጂንግ–ኒውዮርክን አጭር መንገድ እነሱ ሲሄዱበት ለአሜሪካዎቹ ዝግ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ አየር መንገዶች ይህ ውድድሩን ሚዛን አሳጥቶታል ይላሉ፤ ወደ አገራቸው የሚገቡ በረራዎች በሩሲያ በኩል እንዳያልፉ እንዲከለከልም የሚጠይቁ አሉ። ሌላው ወገን እገዳውን ያመጣው የመንግሥታት ውሳኔ ስለሆነ ያልተሳተፈ አገር አየር መንገድ ሊቀጣበት አይገባም ባይ ነው። ክልከላ ቢመጣ ጉዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው በመንገደኛው ላይ መሆኑ ግን አያከራክርም፤ አጭሩ አማራጭ ይጠፋል እንጂ ረጅሙ አያጥርም።

ሰማዩ ክፍት ሆኖም አውሮፕላን ቀጥታ የማይሄድበት ጊዜ አለ። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በቀሪው ብቻ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ሊያርፍበት ከሚችል አየር ማረፊያ መራቅ የለበትም። ይህ ሕግ ኢቶፕስ በሚል ምህጻር ይታወቃል። በ1985 ገደቡ 120 ደቂቃ ነበር፤ ዛሬ ቦይንግ 787 እስከ 330፣ ኤርባስ ኤ350 እስከ 370 ደቂቃ ተፈቅዶላቸዋል። በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካ ወይም በደቡብ አፍሪካ መካከል አንታርክቲካን እየታከከ የሚያልፈው ቀጥተኛ መንገድ በባለሁለት ሞተር የተቻለው ይህ ገደብ በመሰፋቱ ነው።

አየር መንገዶች ሰዓቱን ይለጥጡታል?

መንገደኞች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ቅሬታ ነው፦ አውሮፕላኑ ዘግይቶ ተነሥቶ "በሰዓቱ" ይደርሳል፤ ስለዚህ ትኬቱ ላይ ያለው ጊዜ የተጋነነ ነው። በአሜሪካ የመንግሥት መለኪያ ከ15 ደቂቃ በታች የዘገየ በረራ በሰዓቱ እንደደረሰ ስለሚቆጠር መርሐ ግብሩን በጥቂት ደቂቃ ማርዘም የአየር መንገዱን ስም ያሳምራል። አየር መንገዶቹ በበኩላቸው የአየር ማረፊያ መጨናነቅ በመባሱ እውነተኛውን ጊዜ ነው የምንጽፈው ይላሉ፤ በጣም ቀድሞ መድረስም ማቆሚያ አጥቶ ነዳጅ እያቃጠሉ መጠበቅን ስለሚያመጣ ያለልክ መለጠጥ አይጠቅማቸውም። ሁለቱም እውነት አላቸው። መርሐ ግብር የሚወጣው ለወራት በመሆኑ የአንዱን ቀን ነፋስ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቀን የሚበቃ ጊዜ ይያዛል፤ ነፋሱ በቀናበት ቀንም 40 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ያጋጥማል።

አብራሪው ለምን አያፈጥንም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነዳጅ ነው። እያንዳንዱ በረራ "ኮስት ኢንዴክስ" የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፤ የአንድ ደቂቃ ወጪ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ተመዛዝኖ የሚወጣ ነው። ነዳጅ ሲወደድ ቁጥሩ ይወርዳል፣ አውሮፕላኑም ቀስ ይላል። ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጋ መጠን የአየሩ መጎተት በፍጥነት ስለሚያድግ ማክ 0.85ን ጥቂት ማለፍ ብዙ ያስከፍላል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የመንገደኛ ጄቶች ፍጥነት ምንም ያህል ያልጨመረው በዚህ ነው። በ1996 በሁለት ሰዓት ከ53 ደቂቃ ከኒውዮርክ ለንደን የገባው ኮንኮርድ በ2003 ከአገልግሎት ወጥቷል፤ የሚተካው አልመጣም።

ትኬት ሲታይ

በትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት የመነሻ ከተማው፣ የመድረሻው የመድረሻ ከተማው አቆጣጠር ነው። በ24 ሰዓት አቆጣጠር በጃንዋሪ 17፡00 ከቶኪዮ ተነሥቶ አሥር ሰዓት የበረረ ሰው ሎስ አንጀለስ የሚገባው በዚያው ቀን 10፡00 ላይ ነው፤ ከመነሣቱ በፊት የደረሰ ይመስላል። ሁለቱንም ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ለውጦ መቀነስ ከስሕተት ያድናል። ቶኪዮ ከዩቲሲ በ9 ሰዓት ትቀድማለች፣ ሎስ አንጀለስ በጃንዋሪ በ8 ሰዓት ትዘገያለች፤ መነሻው 08፡00፣ መድረሻው 18፡00 ይሆናል።

ርቀቱ በሕግም ፊት ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 261/2004 ደንብ ለዘገየ ወይም ለተሰረዘ በረራ የሚከፈለውን ካሳ በርቀት ይመድባል፦ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ለረጅሞቹ እስከ 600 ዩሮ። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ የዞረበት መንገድ ሳይሆን የታላቁ ክበብ ርቀት ነው። በመዘግየት ለመካስ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መድረስ ያስፈልጋል፤ "ደረሰ" የሚባለውም ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት መሆኑን የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል። በድንገተኛ የአየር ክልል መዘጋት የመጣ መዘግየት ግን ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ስለሆነ ካሳው አያገኝም።

ቅርብ ግምት ለሚፈልግ፦ የታላቁን ክበብ ርቀት ወስዶ ለመንገድ መጣመም 4 ወይም 5 በመቶ መጨመር፤ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ለ1,000፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ለ800፣ ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ ከሆነ ለ880 ማካፈል፤ ለመሬት ላይ እንቅስቃሴ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ መደመር። ከምድር ወገብ አካባቢ ጄት ስትሪም ስለሌለ እዚያ የምሥራቅና የምዕራብ ልዩነት ይጠባል። በመካከሉ የተዘጋ ሰማይ ካለ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ያኔ እንደ ፍላይትራዳር24 ባለ የበረራ መከታተያ ላይ የዚያኑ በረራ ቁጥር አስገብቶ ያለፉትን የአንድ ሳምንት ጉዞዎች ማየት ይሻላል። በተለይ ሌላ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ የሚመለከተው አማካዩን ሳይሆን ከሰባቱ ቀናት በጣም የዘገየውን ነው።